እናቴ ድንገተኛ ክፍል ናት፣ የሚያዩዋት ተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ ምን ላድርግ?

የዘጌው፦ ወገኖች ቶሎ መልሱልኝ። እናቴን ሆዷን አሟት ሌሊቱን ሲያስመልሳት አደረ። ጠዋት በጀልባ ባሕር ዳር አመጣናት። ያለነው አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ሦስት ወጣቶች ተራ በተራ መጥተው ያንኑ ጥያቄ ጠየቋት፣ ሆዷን ነካክተው ሄዱ። ምንም እንዳትቀምስ ብለዋል፤ አክስቴ ግን ከዑራ ኪዳነ ምሕረት የያዘችውን ጸበል ካላጠጣኋት ትላለች። የጤና መድኅን ደብተሩ ቤት ቀርቷል። ወደ ግል ክሊኒክ ልውሰዳት?

አስታማሚ፦ ላይዘን ቢሮ፣ ሪፈር የሚያስተባብረው ክፍል፣ ሂድ። ደብተሩ በሚቀጥለው ጀልባ ይላክልህ፤ የሪፈር ወረቀቷን ከእጅህ አታውጣ።

ዓባይ ማዶ፦ ሲያስመልሳት እያደረ ለምን እስኪነጋ ጠበቃችሁ? ሁልጊዜ እንዲህ ነን። ሕመም ሲጀምር ቤት፣ ሲብስ ሆስፒታል! ደብተርም ለዚህ ቀን ነው የሚወጣው።

የዘጌው፦ ወንድሜ፣ በሌሊት ጀልባ ከየት ላምጣ?

ነርስ ነኝ፦ ቁጣው ይቆየን። ኢንተርን የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነው፤ ሬዚደንቱ ግን ሐኪም ሆኖ ስፔሻሊቲ የሚማር ነው። ሲኒየሩም፣ ማለትም የበላዩ ስፔሻሊስት ሐኪም፣ የሚጠራው በእሱ በኩል ነው። ሆድ ደጋግሞ መነካካቱ ራሱ ምርመራ ነው፤ ቅድም ለስላሳ የነበረው ሲደድር የሚታወቀው እንዲያ ነው። ያልነገርከን ነገር አለ፦ ሰገራ ወይም አየር ወጥቶላቸዋል? ሆዳቸውስ ተነፍቷል? የአንጀት መታጠፍ እኛ አገር በብዛት የሚታይ ነው። ደም የተቋረጠበት አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ከዚያ አታንቀሳቅሳቸው።

የጎጃሟ፦ አክስትህን አታስቀይማት። የእኔ እናት ቀዶ ሕክምና ስትጠብቅ በጸበሉ ግንባሯንና ሆዷን አበስንላት እንጂ አላጠጣናትም። የንስሐ አባታችንም ይበቃል ብለውናል።

ነርስ ነኝ፦ እህቴ ልክ ናት። ሰመመን ሲሰጥ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ውሃም ቢሆን። ከንፈራቸው ከደረቀ በእርጥብ ጨርቅ ንካላቸው።

ጣና ዳር፦ ላይዘን ቢሮ ሂድ፣ እነሱ ያውቃሉ።

የዘጌው፦ ጠየቅኋት። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ አየርም አልወጣልኝ አለች። ሆዷ እንደ ከበሮ ሆኗል። አፍራ ነው ለልጆቹ ያልነገረቻቸው። ሬዚደንቱን ልጠራ እየሮጥኩ ነው።

ዓባይ ማዶ፦ ወንድሜ፣ ቅድም ስለተቆጣሁ ይቅርታ። ደም ካስፈለገ እኔ ቅርብ ነኝ፣ ደውልልኝ።

ነርስ ነኝ፦ የዘጌው፣ ራጅ አነሷቸው?

የጎጃሟ፦ ኪዳነ ምሕረት ትድረስላቸው። ስትመለስ ጻፍልን።