ሞተር ላይ ብሉቱዝ፦ ደዋይ ይሰማኛል፣ ማፑ ግን ዝም

ቢኒ ዘሲኤምሲ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የገባው ሰው ይርዳኝ፣ ልብሴን ልቀድ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ዴሊቨሪ እሰራለሁ፣ ስምንት ወር ሆኖኛል። የምነዳው ቦክሰር 150 ነው። ስልኬ አንድሮይድ ነው፣ መሪው ላይ በማቀፊያ ታስሯል። ጆሮዬ ላይ ሁለት ፍሬ ገመድ አልባ ኢርፎን አለ፣ ስም የለውም፣ መርካቶ ነው የገዛሁት። ብሉቱዙ ተገናኝቷል ይላል። ደንበኛ ሲደውል ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል። ጎግል ማፕ ግን ጆሮዬ ላይ ትንፍሽ አይልም። እንደሚናገር የማውቀው መብራት ላይ ስቆም ነው፣ ከመሪው በኩል ሹክሹክታ ይሰማኛል። ስለዚህ ስክሪኑን እያየሁ እነዳለሁ። ትናንት ወደ ጎሮ ስሄድ መታጠፊያውን ልፈልግ አንገቴን ደፋ ሳደርግ ፊቴ የነበረው ሚኒባስ ተሳፋሪ ሊያወርድ ቀጥ አለ። ፍሬኑ ያዘልኝ እንጂ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሌላም አለ። ሄልሜት ሳጠልቅ ኢርፎኑ በራሱ ስልክ ይደውላል። አልቀልድም። ባለፈው ሳምንት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ማታ እራት ያደረስኩላት ደንበኛ ጋ ደወለ። እኔ ዘፈኑ የቆመ መስሎኝ "አንተ ምናምንቴ ዛሬ ደግሞ ምን ሆንክ" እያልኩ ስሰድበው ሴትየዋ ሁሉንም ትሰማለች። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ስልኩን ሱሪ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ያኔ ድምፁ ይቆራረጣል። ባትሪውም 8 ሰዓት ሳይሆን ያልቃል። አዲስ ኢርፎን ልግዛ ወይስ ችግሩ ስልኩ ነው?

ናቲ ጥገና፦

ምንም አትግዛ፣ ብርህን ያዝ። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ። ዘፈን ስትከፍት ጆሮህ ላይ ይመጣል?

የምጠይቅህ ለምን መሰለህ፣ ብሉቱዝ ድምፅ የሚያመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የጥሪ ነው። ሌላው የሚዲያ ነው፣ ዘፈኑም ቪዲዮውም የማፑም ድምፅ በዚህኛው ነው የሚሄደው። ሁለቱ ለየብቻ ይበራሉ፣ ለየብቻ ይጠፋሉ። ሴቲንግ ውስጥ ብሉቱዝ ግባና ከኢርፎኑ ስም ጎን ያለችውን ምልክት ንካት፣ አንዱ ስለ ጥሪ አንዱ ስለ ሚዲያ የሚል ማብሪያ ታገኛለህ። ዘፈንም የማይመጣልህ ከሆነ የሚዲያው ጠፍቷል ማለት ነው። ዘፈን ከመጣ ግን ጥፋቱ ማፑ ውስጥ ነው።

ቢኒ ዘሲኤምሲ፦

ዘፈን ይመጣል። አሁን አየሁት፣ ሁለቱም በርተዋል።

ናቲ ጥገና፦

በቃ ተገኘ። ጎግል ማፕን ክፈት፣ ከላይ በስተቀኝ ያለችውን የፕሮፋይል ክብ ንካ፣ ሴቲንግ ግባ፣ ከዚያ ስለ ናቪጌሽን የሚለውን ፈልግ። እዚያ ውስጥ "ድምፁን በብሉቱዝ አጫውት" የሚል ማብሪያ አለ፣ ያንተ ጠፍቶ ነው። እሱ ሲጠፋ ኢርፎን ብታስር ባታስር ማፑ የሚያወራው በስልኩ ስፒከር ነው። አንድ ሌላም ተመልከት፦ መንገድ ስታስጀምር ስክሪኑ ጎን ላይ የስፒከር ምልክት አለች። ሦስት ደረጃ አላት፣ ሙሉ ድምፅ፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ እና ዝም። ብዙ ሰው ሳያውቀው በጓንት ነክቷት መሀለኛዋ ላይ ትቀመጥና "ማፔ ተበላሸ" ብሎ ይመጣብኛል። ሳቄን ይዤ ነው የማስተካክለው፣ ሒሳብም አልቀበልም።

ሽማግሌው ሞተረኛ፦

ልጆች፣ እኔ ከ20 ዓመት በላይ ሞተር ላይ ነኝ፣ ጆሮዬ ላይ ምንም አድርጌ አላውቅም። ከተማውን ማወቅ ነው እንጂ። ከኋላ የሚመጣውን ሲኖትራክ በጆሮህ ነው የምታየው። ስፖኪዮ የሚያሳይህ ግማሹን ነው። ሁለቱንም ጆሮ ደፍኖ መንዳት ዓይን ጨፍኖ ከመንዳት አይለይም።

ሄለን ሁለት ጎማ፦

ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ስለ ጆሮው ማለቴ ነው። ከተማውን ማወቅ ያሉት ግን ለእርስዎ ነው የሚሆነው፣ የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ እኔ ተወልጄ ያደግኩበት ሰፈር መታጠፊያው ይጠፋብኛል። ማፑም አንዳንዴ የተዘጋ መንገድ ላይ ወስዶ ያቆመኛል። ያም ሆኖ ያለሱ አልወጣም።

ቢኒ፣ እኔ ያንተን መከራ ሁሉ አልፌበታለሁ። በራሱ የሚደውለው ሰይጣን ገብቶበት አይደለም። የኢርፎኑ ጀርባ ንክኪ ነው። ሄልሜቱ ሲወርድ የውስጡ ስፖንጅ ሁለት ጊዜ ይነካዋል፣ ብዙ ርካሽ ኢርፎን ላይ ደግሞ ሁለቴ መንካት ማለት "መጨረሻ የደወልክለት ጋ ደውል" ማለት ነው። አፕ ያለው ኢርፎን ከሆነ ንክኪውን እዚያ ታጠፋዋለህ። ያንተ ስም ስለሌለው አፕም አይኖረውም። ስለዚህ ሄልሜቱን አጥልቀህ፣ ማሰሪያውን አስረህ ስትጨርስ ብቻ ብሉቱዙን አብራ። ቀላል ነው፣ ግን ልማድ እስኪሆን ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

እኔ በመጨረሻ ኢርፎኑን ተውኩትና ሄልሜት ውስጥ የሚገባ ገዛሁ። እንደ ሳንቲም ክብ የሆኑ ሁለት ስስ ስፒከሮች ናቸው፣ የጉንጩን ስፖንጅ አውጥተህ ከኋላው በሚጣበቅ ጨርቅ ትለጥፋቸዋለህ፣ ከአገጭ ስር ስፖንጅ የለበሰች ማይክ ትቀመጣለች፣ ትልቁ እቃ ከሄልሜቱ ጎን ውጭ ይታሰራል። ጆሮህ ክፍት ነው፣ ክላክስም ትሰማለህ። ስገጥመው ግን ተሸውጄ ነበር። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፣ ሻጩ የተበላሸ ሰጠኝ ብዬ ልመልሰው ስል እህቴ ሄልሜቱን አጥልቄ ሳለ ጣቷን በውስጥ አስገብታ ፈለገችው። ስፒከሩ ከጆሮዬ ቀዳዳ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ነበር። ወደ ፊት ሳብ አድርጌ ለጠፍኩት፣ ያው እቃ ሌላ እቃ ሆነ። ብር እስክታገኝ ድረስ ግን አንዱን ፍሬ ብቻ አድርግ፣ ሌላው ኪስህ ይቀመጥ። ለማፕ አንድ ጆሮ ይበቃል።

ሀብቴ ቨርጂኒያ፦

ሰላም ጀግኖች። ሄለን ያለችው እዚህ ሕግም ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሁለቱም ጆሮ ኢርፎን አድርጎ መንዳት ክልክል ነው፣ ሄልሜት ውስጥ ለመነጋገሪያ የተገጠመው ግን ይፈቀዳል። ፈረንሳይ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ ጆሮም ከልክላለች፣ ብስክሌት ሳይቀር።

እኔ ከስልኩ ሌላ ለብቻው ጂፒኤስ አለኝ፣ የጋርሚን ዙሞ ነው። ሄልሜቴ ላይ ሴና አለ፣ የሄልሜት ብሉቱዝ ነው። ሦስት እቃ ሲሆን ነው ራስ ምታቱ የሚጀምረው። ስልኩ ከዙሞውም ከሄልሜቱም ጋር ሲያያዝ ዘፈን በአንዱ፣ ጥሪ በሌላው እየመጣ ሲጣሉ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ። መፍትሔው አንድ መንገድ መርጦ እሱን ብቻ ማክበር ነው። እኔ የመረጥኩት፦ ስልኩ በቀጥታ ከሄልሜቱ ጋር እንደ አንደኛ ስልክ፣ ዙሞው ደግሞ ከሄልሜቱ ጋር ለጂፒኤስ ወይም ለሁለተኛ ስልክ በተዘጋጀው ቦታ። ከዚያ በፊት ግን የድሮውን የብሉቱዝ ትውውቅ ከሁሉም እቃ ላይ ሰርዝ። ከስልኩ ብቻ ሰርዘህ ሄልሜቱ ላይ ከተውከው፣ ሄልሜቱ የድሮ ፍቅረኛውን ሲፈልግ ይውላል።

ስለ ጫጫታም ልበል። በሀይዌይ ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ ያለው የንፋስ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ሰው ይህን ለመብለጥ ድምፁን እስከ ጥግ ይከፍታል፣ ማታ ጆሮው ሲጮህ ያድራል። እኔ ረጅም መንገድ ስሄድ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ አደርግና የሄልሜቱን ስፒከር ከላዩ እሰማለሁ። እብድ ይመስላል፣ ግን ንፋሱ ሲቀንስ ንግግሩ ጥርት ብሎ ይመጣል። ይህ ለሀይዌይ ነው፣ ቢኒ መገናኛ ላይ እንዳትሞክረው።

ሽማግሌው ሞተረኛ፦

በአንድ ጆሮ ከሆነስ እሺ። የእኔም ልጅ ይህን ያንብበው።

ሰዒድ ኤሌትሪኮ ሐዋሳ፦

ስለ ባትሪው ማንም አልመለሰለትም። ቢኒ፣ ስልክህን የሚበላው ከማፑ ይልቅ ስክሪኑ ነው። ፀሐይ ላይ ለማየት ብርሃኑን እስከ ጥግ ከፍተኸዋል አይደል? አሁን ድምፁ ጆሮህ ላይ ከመጣልህ መንገዱን አስጀምርና ስክሪኑን ቆልፈው፣ ማፑ ተቆልፎም ያወራል። ጥቂት ደቂቃ አውርቶ ዝም ካለ ስልኩ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ገድሎታል ማለት ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ የማፕን የባትሪ ገደብ አንሳለት። የአዲስ አበባን ካርታ ቤት ዋይፋይ ላይ ሆነህ አውርደው፣ ያኔ ኔትወርክ ቢጠፋም መንገዱን ይነግርሃል። ያለህበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት ነው፣ ዳታ አይፈልግም። ያለ ዳታ የምታጣው የመንገድ መጨናነቁን መረጃ ነው፣ እሱን እንደሆነ ለሞተር ምን ያደርጋል።

ቻርጀር መግጠም ከፈለግክ ደግሞ በቀጥታ ባትሪው ላይ እንዳታስቀጥል። ቁልፍ ሲበራ ብቻ መብራት የሚያገኘውን ሽቦ ፈልገህ በፊውዝ አድርገህ ያዝ። ቀጥታ የያዙ ልጆች ባትሪው አልቆባቸው ጠዋት ጠዋት ሞተር ሲገፉ አያቸዋለሁ። እና ያ ስልክ መሪው ላይ መታሰሩ ራሱ አይመቸኝም። የሞተር ንዝረት ካሜራውን ይገድለዋል፣ በተለይ ምስል የሚያረጋጋ ካሜራ ያለውን። አፕል ራሱ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የግድ ካሰርከው ንዝረት የሚውጥ ጎማ ያለው ማቀፊያ ፈልግ።

ናቲ ጥገና፦

ሰዒድ ልክ ነው፣ የካሜራውን ነገር በየሳምንቱ አያለሁ። ፎቶ ሲያነሱ ምስሉ እንደ ጄሊ ይንቀጠቀጣል።

የሱሪ ኪሱ ጉዳይ ቀርቷል፣ እሱንም ልዝጋው። የብሉቱዝን ሞገድ የሰው አካል ይከለክለዋል፣ አብዛኛው ሰውነታችን ውሃ ነው። ቤት ውስጥ ሞገዱ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፣ ክፍት መንገድ ላይ የሚነጥርበት የለም። ቀኝ ጆሮህ ላይ ኢርፎን፣ ግራ ኪስህ ውስጥ ስልክ ከሆነ መሀላቸው የተቀመጥከው አንተ ነህ። ጃኬትህ የደረት ኪስ ካለው እዚያ አድርገው፣ ኢርፎኑ ባለበት ጎን። በፌስታል ጠቅልለው፣ ላብም ዝናብ ነው።

ቢኒ ዘሲኤምሲ፦

ኧረ እናንተ ሰዎች ተባረኩ! ማብሪያው እውነትም ጠፍቶ ነበር። ዛሬ ከሰሚት እስከ ሳሪስ ስልኩ ደረት ኪሴ ውስጥ ሆኖ፣ ስክሪኑ ተቆልፎ፣ ቀኝ ጆሮዬ ላይ ብቻ እየሰማሁ ሄድኩ። አሁን 10 ሰዓት ነው፣ ባትሪው ግማሽ ላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ማፑ ሲናገር የመጀመሪያዋን ቃል ይበላታል። "በ200 ሜትር ወደ ቀኝ" ማለት ሲገባው መጨረሻዋን "ቀኝ" የምትለዋን ብቻ ነው የምሰማው። አሁኑኑ ይሁን በኋላ አላውቅም። እና ደንበኞች ሳናግራቸው "ንፋስ ብቻ ነው የሚሰማኝ" ይላሉ።

ሄለን ሁለት ጎማ፦

ቃሏን የሚበላው ኢርፎኑ ነው። ድምፅ ሲጠፋ ያንቀላፋል፣ ማፑ ሲጀምር እስኪነቃ የመጀመሪያዋ ቃል ታልፋለች። ከስር ዘፈን በጣም ዝቅ አድርገህ ክፈት፣ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ የክራር ብቻ የሆነ ነገር ነው የምከፍተው፣ ዘፋኝ ካለበት ከማፑ ጋር አብሬ እዘፍናለሁ።

የንፋሱ ግን በዚህ ኢርፎን አይስተካከልም፣ ማይኩ ጆሮህ ላይ ነው። ደንበኛ ሲደውል ጥግ ያዝና ቆመህ አናግር። ደግሞ ያቺን የ1 ሰዓቷን ሴትዮ ይቅርታ ጠይቀሃታል?

ቢኒ ዘሲኤምሲ፦

ጠይቄያታለሁ። ትናንት ደግማ አዘዘች፣ በሩን ስትከፍት "ምናምንቴው ደህና ነው?" አለችኝ።