ለ200 ሊትር የጨው ውኃ የዓሣ ገንዳ የትኛው ማጣሪያ ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በሚገኘው ቤቴ 200 ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ክላውንፊሽ የተባሉ ሁለት ትናንሽ የባሕር ዓሦችና ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች ለማኖር እየተዘጋጀሁ ሳለ፣ በማጣሪያው ምርጫ ላይ ግራ ገብቶኛል። ካኒስተር ፊልተር (ውኃውን ከገንዳው ውጭ ባለ ዝግ ዕቃ ውስጥ አሳልፎ የሚያጣራው) ስፖንጁ ቶሎ ቶሎ ካልታጠበ በውስጡ የተጠራቀመው ቆሻሻ ናይትሬት (ከቆሻሻ መበስበስ የሚመጣ፣ ሲበዛ የሚጎዳ ንጥረ ነገር) ያበዛል። ፕሮቲን ስኪመር ግን ቆሻሻውን ገና ሳይበሰብስ በደቃቃ የአየር አረፋ ጠርጎ ስለሚያወጣና ለውኃውም ኦክስጅን ስለሚጨምር ልቤ ወደ እርሱ ያደላል፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ፣ እዚህ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነውና። ቆሻሻን የሚያብላላ ባክቴሪያ ከሰፈረበት የኮራል ድንጋይ ጋር ስኪመር ብቻውን ይበቃል ወይስ ከገንዳው ሥር ሳምፕ (የማጣሪያ ዕቃዎች የሚቀመጡበት ተጨማሪ ገንዳ) መሥራት የግድ ነው? ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው፦ በባትሪ እንዲሠራ ማድረግ ያለብኝ ስኪመሩን ነው ወይስ ውኃውን የሚያዘዋውረውን ፓምፕ? በሥራ ላይ አውላችሁ ያያችሁትን ብትነግሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።