ከጂማ ተነስቶ ማቹ ፒቹ በእግር፦ ከፍታውን እንዴት ልቻለው?

ጂማ_ቡና፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ የሚኖር ወንድሜ 40 ዓመት ሊሞላው ነው። ልደቴን ፔሩ ላይ እናክብር፣ በኢንካ መንገድ አራት ቀን በእግር ሄደን ማቹ ፒቹ፣ የጥንቱ የኢንካዎች ከተማ፣ እንግባ አለኝ። ወጪው የእሱ ነው፣ ከእኔ የሚጠበቀው እግሬን ይዤ መምጣት ብቻ ነው። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ማንበብ ስጀምር ላብ አጠመቀኝ። መንገዱ 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍተኛው ቦታ 4,215 ሜትር፣ ስሙ ደግሞ በአገሬው ቋንቋ ዋርሚዋኙስካ፣ ማለትም «የሞተች ሴት»! ሌላ ስም አጥተው ነው?

እኔ ባንክ ቤት ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የምውል ሰው ነኝ። የማውቀው ዳገት ጅሬን ነው። እሱንም እንግዳ ሲመጣብኝ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ላሳይ በባጃጅ ነው የምወጣው (አትሳቁ)። ጂማ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ይሄ ይረዳኛል? ልምምድ የት ልጀምር? ፈቃድ የሚባለውስ ነገር እንዴት ነው? ያሰብነው በሰኔ ነው።

ደጀን_ነኝ፦
ምን ያስፈራሻል እህቴ! እኛ እኮ የተራራ ልጆች ነን። 60 ዓመት የሞላቸው ፈረንጆች ይወጡት የለ እንዴ። ጠዋት ጠዋት ስታዲየም ዙሪያ ሩጪ፣ ሌላው ወሬ ነው።

ሳነቴ_77፦
ወንድሜ፣ በዚህ ምክርህ ሰው ታስጨርሳለህ። እኔ የጎባ ልጅ ነኝ፣ ሥራ ነው ጂማ ያመጣኝ። አንድ ጊዜ ከዚህ ጓደኞቼን ይዤ ባሌ ሄድኩ። ጎባ አንድ ሌሊት አደርንና በማግሥቱ በመኪና ሳነቴን አልፈን ቱሉ ዲምቱ ወጣን፣ 4,377 ሜትር ነው። ከመካከላችን ኳስ የሚጫወት፣ ሆዱ እንደ ጣውላ የሆነ ልጅ ነበር። መጀመሪያ ጭንቅላቱን የያዘው እሱ፣ መጀመሪያ ያስመለሰውም እሱ። ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው ወፍራሙ ጓደኛችን ግን ፎቶ እያነሳን ሲስቅ ዋለ።

ጉልበትና ከፍታ አይተዋወቁም። ጉልበት ያለው ሰው እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣ ይብስበታል። 4,200 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከምታገኚው 60 በመቶ ገደማ ነው። ሰውነትሽ ይህን የሚለምደው በቀናት እንጂ በሩጫ አይደለም። የጂማ 1,780 ሜትርም ለዚህ ከፍታ ብዙ አይጠቅምሽም። ያለውም ቢሆን ሊማ ጥቂት ቀን ከቆየሽ ይለቃል፣ ሊማ ባሕር ዳርቻ ናትና። ከዚያ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከምናምን በርረሽ ኩስኮ ትወርጃለሽ፣ 3,400 ሜትር ላይ። እኔን ከተራራው በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ በረራ ነው።

ሲስተር_መ፦
ሳነቴ ትክክል ነህ። ነርስ ነኝ፣ ትንሽ ልጨምር። ኩስኮ እንደደረስሽ ሻንጣሽን ጥለሽ ከተማ ለማየት አትሩጪ። ከተቻለ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ዝቅ ወዳለው ሸለቆ ሂጂ። ኦላንታይታምቦ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እዚያ ማደር ይሻላል። መንገዱን ከመጀመርሽ በፊት ቢያንስ ሦስት ቀን ስጪው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት የተለመዱ ናቸው። ሲሰማሽ ወደ ላይ አትቀጥዪ፣ እዚያው አርፈሽ እስኪተውሽ ጠብቂ። ቁጭ ብለሽም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገድሽ ወይም ሐሳብሽ ከተምታታ ግን ቀልድ የለም፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ ነው። ለወንድምሽም ንገሪው። የታመመው ሰው ራሱ «ደህና ነኝ» ስለሚል አይታመንም። ዳያሞክስ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ፣ ግን ሐኪም አይቶሽ ይዘዝልሽ። በተለይ ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ካለብሽ ሳትናገሪ እንዳትወስጂ።

እዚያ የኮካ ቅጠል ሻይ ይሰጡሻል፣ ቅጠሉንም እንደኛ ጫት ጉንጫቸው ውስጥ ይይዙታል። ፔሩ ውስጥ ሕጋዊ ነው። ነገር ግን ለማስታወሻ ብለሽ አንድ ቅጠል እንኳ ሻንጣሽ ውስጥ እንዳይገኝ፣ ብዙ አገር ያስጠይቃል።

መንገደኛዋ፦
እኔ ሄጄበታለሁ፣ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

ከሁሉ በፊት ፈቃዱ። በቀን የሚገባው 500 ሰው ብቻ ነው። አስጎብኚና ተሸካሚ ከዚያው ስለሚቆጠሩ ለተጓዥ የሚተርፈው 200 ገደማ ነው። ሰኔ የእነሱ በጋ ስለሆነ ከወራት በፊት ያልቃል። ያለ አስጎብኚ መግባት አይቻልም፣ ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል ነው የሚያዘው፣ ብዙዎቹ ከ700 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። ፈቃዱ ለሌላ ሰው አይዞርም። መግቢያው ላይ ስምሽንና ቁጥሩን ከፓስፖርትሽ ጋር ያስተያያሉ፣ ስለዚህ የአያትሽን ስም ጨምረሽ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ላኪ። እኛ ሐበሾች እዚህ ላይ ነው የምንያዘው። ቀኑን ስትመርጡም ፌብሩዋሪን እርሱት፣ መንገዱ ወሩን ሙሉ ለጥገና ይዘጋል።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው፣ ወንዝ ወንዙን ነው። ጉዱ ሁለተኛው ቀን ላይ ነው። ከ3,000 ሜትር ተነስተሽ 4,215 ትደርሻለሽ፣ 1,200 ሜትር ሽቅብ ማለት ነው፣ አብዛኛው የድንጋይ ደረጃ። እኔ መጨረሻው አካባቢ ሃያ እርምጃ እየቆጠርኩ እየቆምኩ ነው የወጣሁት፣ አስጎብኚያችን ከኋላዬ እየመጣ አንድም ቀን ፍጠኚ አላለኝም። ስትጨርሺ ደግሞ ቁልቁለቱ ይጠብቅሻል። ዳገቱ ሳንባ ነው የሚጨርሰው፣ ቁልቁለቱ ጉልበት። ምርኩዝ ያዢ፣ ጫፉ ጎማ የለበሰውን ነው የሚፈቅዱት። ሌሊት ውርጭ አለ።

አንድ ያሳዘነኝ ነገር ልንገርሽ። በሰሜን ተራሮች ዕቃሽን በቅሎ ነው የሚጭንልሽ አይደል? እዚያ በቅሎ አይገባም፣ ድንኳኑንም ጋዙንም ምግቡንም የሚሸከመው ሰው ነው። ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይሸከሙ ሕግ አለ፣ መግቢያው ላይም ይመዘናል። ቢሆንም ርካሽ ድርጅት ስትመርጪ ርካሽ የሆነው ከማን ጀርባ ላይ እንደሆነ ጠይቂ። ጉርሻም በሶል፣ በፔሩ ገንዘብ፣ ዘርዝረሽ ያዢ።

በሦስተኛው ቀን ግን ድካሙን ትረሺዋለሽ። መንገድሽ ላይ እየተደረደሩ የሚመጡት ፍርስራሾች፣ ሳያክማርካ፣ ፉዩፓታማርካ፣ ዊኛይ ዋይና፣ መኪና የማይደርስባቸው ናቸው። ዊኛይ ዋይና ላይ እርከኑን ሳይ የኮንሶ እርከን ትዝ አለኝ። በአራተኛው ቀን በጨለማ ተነስተሽ ኢንቲ ፑንኩ፣ የፀሐይ በር ማለት ነው፣ ትደርሻለሽ። ማቹ ፒቹን ከዚያ ላይ ቁልቁል ነው የምታዪው፣ 2,430 ሜትር ላይ ስለሆነ ከተማው ከአንቺ በታች ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1450 አካባቢ በኢንካው ንጉሥ ፓቻኩቲ ዘመን የተሠራ ነው ይላሉ። እኔ ስደርስ ጉም ሸፍኖት ነበር። ሃያ ደቂቃ ጠብቀን ገለጠልን።

ፈቃድ ካጣችሁ ሳልካንታይ የሚባል ሌላ መንገድ አለ፣ እንዲህ ያለ ኮታ የለውም። መተላለፊያው ግን 4,600 ሜትር ያልፋል፣ በፀሐይ በርም አያስገባም፣ የማቹ ፒቹን ትኬት ለብቻ ትገዣላችሁ። ለጂማ ሰው አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ወደ መጨረሻው በቡና እርሻ መካከል ነው የሚያልፈው።

ጂማ_ቡና፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ ዛሬ ፈቃዱን ሊያስይዝ ነው፣ የአያቴን ስም ነግሬዋለሁ። ኩስኮ ላይ አንድ ቀን ብሎ የነበረውን አራት አስደርጌዋለሁ፣ ሲያኮርፍ ሲስተርን አስነበብኩት። ቅዳሜ ደግሞ ጅሬን በእግሬ ወጣሁ። ሦስት ጊዜ አረፍኩ። የማውቀው የባጃጅ ልጅ አጠገቤ ቆሞ «ዛሬ ምን ሆነሽ ነው፣ ሂሳብ ጠፋ?» አለኝ። ጫማ መቼ ልግዛ?

ሳነቴ_77፦
ዛሬ። እና ጅሬንን በእሱ ውጪ፣ ቁልቁለቱንም በእግርሽ ውረጂ፣ ባጃጅ አትጥሪ። ባሌ ለመሄድ ካሰብሽ ጻፊልኝ፣ ግን ጎባ ሁለት ሌሊት እናድራለን።