ምርመራው ንጹህ ነው፣ እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም

ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ነኝ። ማታ ማታ ልቤ ይደልቃል፣ ደረቴን ይጨንቀኛል። የልብም የእንቅርትም ምርመራ ተደረገልኝ፤ ንጹህ ነው። ሐኪሙ ጭንቀት ነው ብሎ ቡና ቀንሺ፣ በእግርሽ ተንቀሳቀሺ፣ በቀስታ ተንፍሺ አለኝ። ጅማ ተቀምጦ ቡና መቀነስ! ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ያለውን ትቼ ትንሽ ቀለል ብሎኛል።

የሚብስብኝ ከታላቅ እህቴ ጋር በስልክ ባወራሁ ቀን ነው። የእናታችን ቤት ኪራይ ከተነሳ ሳትዘልፈኝ አትዘጋም፤ እኔ ዝም እላለሁ፣ ሌሊቱን አንገቴና ትከሻዬ ተገትሮ ያድራል። ሽማግሌ ልላክባት ብል ገመናችንን አወጣሽ ትለኛለች። ሳንቀያየም “እትዬ፣ ማታ ስለ ቤቱ አናውራ” የምላት እንዴት ብዬ ነው? በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ለእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ምክር ያገኘ ካለም፣ ከየት እንደሚጀመር ንገሩኝ።