ለድሮ መኪና ዕቃ ፍለጋ የትኛው ገበያ ይሻላል?

የድሮ መኪና የሚያድስ ሰው ሁሉ ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም። የጎደለውን ዕቃ ከየት ላግኘው? ኢንተርኔት ላይ ፎቶ አይቶ ማዘዝ አለ። አዲስ የተመረተ ቅጂ መግዛት አለ። ሦስተኛው መንገድ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ሜዳ የሚሞሉት ትልልቅ የመለዋወጫ ገበያዎች ናቸው፤ አሜሪካኖቹ ስዋፕ ሚት ይሏቸዋል። የዛሬው ጥቆማ ስለነሱ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ገበያውን በትልቅነቱ አትምረጡ። በመኪናችሁ ምረጡ። ዓለም ያወራለት ገበያ ሄዶ ለራሱ መኪና አንድ ቡሎን ሳያገኝ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው።

ትልቁ የቱ ነው ካላችሁ የብዙ ሰው መልስ ሄርሺ ነው። አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ በየዓመቱ በኦክቶበር መጀመሪያ፣ በእኛ መስከረም መጨረሻ ገደማ ይካሄዳል። አዘጋጁ በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካ አንቲክ አውቶሞቢል ክለብ ነው። ገበያው ከ1955 ጀምሮ አለ። የመሸጫ ቦታው 9,000 ገደማ ይደርሳል። ከተማዋ የቸኮሌት ፋብሪካ ከተማ ናትና ከሜዳዎቹ አንዱ «ቸኮሌት ሜዳ» ይባላል። ድሮ ጭቃው ጉልበት ድረስ ነው እየተባለ ይወራ ነበር። አሁን አብዛኛው አስፋልት ነው።

የሄርሺ ጥንካሬ የጥንቱ ጥንት ዕቃ ላይ ነው። የነሐስ ፋኖስ፣ ማግኔቶ (የጥንት ሞተር የእሳት ብልጭታ ማመንጫ)፣ የእንጨት ቸርኬ፣ የፎርድ ሞዴል ቲ እና ሞዴል ኤ ዕቃ፣ የፓካርድ ክሮስኮት ሰዓቶች፣ ማለትም ከመሪው ፊት ያሉት መለኪያዎች። መኪናችሁ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ከሆነ ሌላ ቦታ አትድከሙ ባይ ነኝ። የ1970ዎቹ መኪና ያለው ሰው ግን ጫማውን ጨርሶ ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል።

ለሱ ካርላይል አለለት። እሱም እዚያው ፔንስልቬንያ ነው። አጀማመሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። በጊዜው ሄርሺ ከጦርነቱ በኋላ ለተሠሩ መኪኖች ፊት አይሰጥም ነበር። ቢል ሚለር እና ቺፕ ሚለር የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች (ዘመዳሞች አይደሉም፣ ስማቸው ገጥሞ ነው) በ1974 የራሳቸውን ዝግጅት ጀመሩ። ያ አድልኦ ዛሬም በዕቃው ላይ ይታያል። የሙስታንግ፣ የካማሮ፣ የኮርቬት፣ የድሮ ፒክአፕ ዕቃ የምትፈልጉ ከሆነ ካርላይል ይሻላል። በዓመት ሁለቴ ነው፤ አንዱ በኤፕሪል፣ ሌላው በመኸር። የመኸሩ ብዙውን ጊዜ ከሄርሺ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይውላል፤ ከተሞቹም ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ከሩቅ የሚመጣ ሰው በአንድ ጉዞ ሁለቱን ያያል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሞና አለ። የአንድ ቀን ገበያ ነው፤ እሁድ ብቻ፣ ግን በዓመት ብዙ ጊዜ። በሩ የሚከፈተው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ነው የምትገቡት። እኔ ፖሞናን የምጠቁመው ለላሜራ ነው። አካባቢው ደረቅ ነው። በር፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ ስትፈልጉ በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንበት መንገድ ሲነዳ ከኖረ መኪና የተነቀለ ዕቃና በፀሐይ ብቻ ቀለሙ የለቀቀ ዕቃ አንድ አይደሉም። የካሊፎርኒያ ፀሐይ የሚያበላሸው ጎማና የወንበር ልብስ ነው። እሱ ደግሞ አዲስ ይገኛል።

ወደ አውሮፓ ስንሻገር ለእንግሊዝ መኪና ቢውሊ ነው። ሎርድ ሞንታጉ በ1967 ነው የጀመሩት፣ ከመኪና ሙዚየማቸው አጠገብ። በሴፕቴምበር ይካሄዳል። የሉካስ መብራት፣ የኤስዩ ካርቡራተር፣ የኦስቲንና የሞሪስ ዕቃ፣ በየቆርቆሮው የተጠራቀመ የዊትዎርዝ (የድሮ የእንግሊዝ ልክ) ቡሎን። የቀድሞዎቹ የእንግሊዝ መኪኖች ቡሎን በሜትሪክ ቁልፍ እንደማይፈታ የሞከረ ያውቀዋል። ቁልፉንም እዚያው ግዙ።

ለጀርመን መኪና ቬተራማ። ጀርመን ማንሃይም ላይ በኦክቶበር ይካሄዳል፤ በፈረንጆቹ ፀደይ ደግሞ ሆክንሃይም የውድድር ሜዳ ላይ ታናሽ ወንድሙ አለ። ለቮልስዋገን ቢትል፣ ለድሮ መርሴዲስ፣ ለሞተር ሳይክልም ጭምር የምመርጠው ይህን ነው። ለፊያት፣ ለአልፋ፣ ለቬስፓ ከሆነ ጣሊያን ኢሞላ በሴፕቴምበር በመኪና ውድድር ሜዳው ላይ የሚደረገው ገበያ አለ። መሪያቸው በቀኝ ለሆነ መኪኖች አውስትራሊያ ቤንዲጎ በኖቬምበር። ለሆልደንና ለፎርድ ፋልከን እሱን የሚያህል የለም።

የጀርመኑ ቴክኖ ክላሲካ እና የፓሪሱ ሬትሮሞቢልስ? ያምራሉ። ግን የነጋዴና የሰብሳቢ ዝግጅቶች ናቸው። ዕቃ ፍለጋ ሳይሆን ለዓይን ሂዱ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ገበያ መርጦ መሄድ ግማሽ መንገድ ነው። ምን ልትገዙ እንደምትሄዱ ካላወቃችሁ የሰው ጋራዥ ቆሻሻ ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ።

መጀመሪያ፣ አዲስ የሚመረተውን ከዝርዝራችሁ ሰርዙ። ለሙስታንግ፣ ለቢትል፣ ለሞዴል ኤ ፎርድ የማይመረት ዕቃ ጥቂት ነው። ኤምጂቢ የተባለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ሙሉ ቦዲ እንኳ ከ1988 ጀምሮ እንደ አዲስ ይሠራል። የበር ጎማ፣ የፍሬን ቱቦ፣ ጓርኒሲዮን፣ የነዳጅ ቧንቧ ከነዚህ ሜዳዎች አትግዙ። ሻጩ «ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ግን ጎማ በካርቶን ውስጥም ያረጃል። የ50 ዓመት ያልተነካ የፍሬን ፖምፓ ውስጡ ያለው ላስቲክ ደርቆ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። አካሉን ለማደስ ካልሆነ አይረባም።

የድሮ የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ዲስክም ተጠንቀቁ። አብዛኞቹ አስቤስቶስ የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን አለባቸው። አቧራውን በአፋችሁ እፍ አትበሉ። ዕቃውን ድንበር የምታሻግሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ለምሳሌ አውስትራሊያ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ አስቤስቶስ ያለበትን ዕቃ ጨርሶ አታስገባም። አንዲት ጓርኒሲዮን ሙሉ መኪና ጉምሩክ ላይ ልታስቆም ትችላለች።

በእጅ አይቶ መግዛት የሚያዋጣው የማይመረተው፣ ወይም ተመርቶ የማይገጥመው ነው። የክሮም ጌጥ፣ አርማ፣ መስታወት፣ የክሮስኮት ሰዓት፣ ኦሪጅናል ላሜራ፣ ካርቡራተር፣ ዲስትሪቢዩተር፣ የማርሽ ሳጥን። እነዚህን ፎቶ አይቶ ማዘዝ ቁማር ነው። ሜዳው ላይ ግን ትነካካላችሁ።

ካርቡራተር ካነሳችሁ ጋዙን የሚከፍተውን ዘንግ በሁለት ጣት ያዙና ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቁት። ቀጭ ቀጭ ካለ ዘንጉ ተበልቷል። በዚያ ክፍተት አየር ይስባል፤ ሞተሩ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) አይረጋላችሁም። ከዚያ ሻጩን አስፈቅዱና ክዳኑን ክፈቱ። ነዳጅ የሚጠራቀምበት ሳህን ግርጌ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዘ ውኃ ተኝቶበት ኖሯል። የትንንሽ ቀዳዳዎቹን ነገር ፈጣሪ ይወቀው። መጨረሻ ላይ የግርጌውን ጠፍጣፋ ፊት እዩ። ሰው ቡሎን ከልክ በላይ እያጠበቀ ጆሮዎቹን አጣምሞታል? ይህ ሁሉ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ሻጩ ሲያያችሁ ዋጋውንም ቀለል ያደርገዋል፤ የሚያውቅ ሰው መጣ ይላል።

በር ከሆነ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ የታችኛው ጠርዝ ላይ አስጠጉ። የሚይዘው ላሜራ ነው። የሚንሸራተተው ስቱኮ ነው። ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ከሆነ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድሙበት፤ ከሥሩ ብርሃን ካለፈ ተጣሟል። በቫልቮቹ መቀመጫ መካከል ደግሞ ስንጥቅ ፈልጉ። የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ የበር እጀታና ጌጥ ብዙ ጊዜ የዚንክ ቅይጥ ነው። በዘመኑ ቅይጡ ውስጥ የተቀላቀለው እርሳስ ከዓመታት በኋላ ብረቱን ከውስጥ ያሳብጠዋል፣ ይሰነጥቀዋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ብየዳም አይመልሰው። ቢያብረቀርቅም አትንኩት።

ቁጥር ማንበብ ልመዱ። ይህ ከሁሉ በላይ ገንዘብ ያድናል። የፎርድ ዕቃ ላይ ሲ5ዜድዜድ (C5ZZ) የሚል ካያችሁ «ሲ» 1960ዎቹ ማለት ነው፣ «5» 1965፣ የመጀመሪያው «ዜድ» ሙስታንግ። የድሮ ሸቭሮሌት ሞተር ላይ ከተቀረጸው ቀን ፊደሉ ወሩ ነው። «ኤ» ጃንዋሪ፣ «ቢ» ፌብሩዋሪ እያለ እስከ «ኤል» ዲሴምበር ይሄዳል። ቀጥሎ ቀኑ፣ ከዚያ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ። ስለዚህ ሲ 12 9 (C 12 9) ብሎ ከተጻፈ ማርች 12፣ 1969 ነው። እርግጥ የ1979ም ሊሆን ይችላል፤ የትኛው አሥርት ዓመት እንደሆነ የሚለየው እዚያው ብረቱ ላይ ያለው የቀረጻ ቁጥር ነው። ሻጩ «የ67 ነው» ቢል፣ ብረቱ የሚለውን እመኑ።

ቢትል ያላችሁ ሰዎች፣ ለእናንተ አንድ ወጥመድ ልጠቁም። በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የመኪናው ኤሌክትሪክ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ተቀየረ። ቸርኬውም ከ5 ቡሎን ወደ 4 ቡሎን ዞረ። ለውጡ በየሞዴሉና በየአገሩ በአንድ ቀን አልሆነም። ስለዚህ ዓመቱን ብቻ ይዛችሁ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ ወይም ቸርኬ አትግዙ። የራሳችሁን ፎቶ አንሡ፣ ልኩን በካሊፐር ለኩ። ከተቻለ አሮጌውን ዕቃ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።

የሻንሲ ቁጥር ሰሌዳ ለብቻው የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ዞር በሉ። በብዙ አገር ወንጀል ነው።

ሰዓቱስ? ብርቅ ዕቃ የምትፈልጉ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ገና ሲነጋ። ጥሩው ዕቃ ገዢ ሳይገባ በሻጮቹ መካከል ነው እጅ የሚለውጠው። ከባድ ዕቃ ከሆነ ግን የመጨረሻው ከሰዓት ይሻላል። ሞተር፣ የማርሽ ሳጥን፣ አክሰል መልሶ መጫን ማንም አይፈልግም። ያኔ «ጨርሰኝ» ማለት ይሠራል። ሁለት ሦስት ዕቃ ከአንድ ሰው ሰብሰብ አድርጋችሁ በአንድ ዋጋ ጠይቁ፤ በየዕቃው ከመከራከር ይህ ይቀላል። ጥሬ ገንዘብ በትንንሹ ዘርዝራችሁ ያዙ። እኔ መክፈል የምችለው ይህን ነው ብሎ ቆጥሮ ማሳየት ከንግግር ይልቃል።

የምትይዙት፦ የሚታጠፍ ጋሪ፣ የእጅ ባትሪ፣ ማግኔት፣ ካሊፐር፣ የቡሎን ጥርስ መለኪያ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የማያዳልጥ ጫማ። ዝርዝራችሁን በወረቀት ጻፉ፤ ፀሐይ ላይ የስልክ ስክሪን አይታይም።

ዕቃውን ባታገኙም ሻጩን አታልፉት። ለመኪናችሁ ዓይነት ዕቃ የሚያመጣ ሰው ሜዳው ላይ ከያዘው ይበልጥ ቤቱ ያለው ይበዛል። የምትፈልጉትን በቁጥሩ ጽፋችሁ ስጡት፣ ስልኩን ተቀበሉ፣ የቆመበትን መደዳ ቁጥር ፎቶ አንሡ። አብዛኞቹ በየዓመቱ እዚያችው ቦታ ላይ ነው ድንኳን የሚተክሉት።