ሐሰተኛ ሰነድ ያስገባ ድርጅት ሲታገድ ሥራ አስኪያጁስ?

አወያይ፦ በመንግሥት ጨረታ ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ ድርጅት ይታገዳል። ሥራ አስኪያጁ ግን በወንድሙ ስም ንግድ ፈቃድ አውጥቶ በሌላ በር ሲገባ እናያለን። እገዳው መሪውን በስሙ ይያዝ ወይስ በድርጅቱ ይብቃ?

ግዥ ክፍል፦ ይያዝ እንጂ! ማኅተሙ የድርጅቱ ቢሆንም የፈረመው እጅ የሰው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጭበረበሩት ሦስት ናቸው፦ የቀድሞ አሠሪ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ፣ የአምራች ውክልናና የባንክ ዋስትና። ገምጋሚው በደብዳቤው ቁጥርና ቀን ሰጪውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ሲጠይቅ ጉዱ ይወጣል። ይህን ማጣራት ከማስገባቱ በፊት ሥራ አስኪያጁ ራሱ ማድረግ ይችል ነበር።

ኮንትራክተር፦ በወረቀት ቀላል ነው። የግንባታ ክፍያ ሲጠየቅ የሳይት መሐንዲሱ ይለካል፣ ቢሮ ያለው መሐንዲስ ቴክ ኦፍ (የሥራ መጠን ስሌት) ይሠራል፣ አማካሪው ያጸድቃል። 4 ሜትር የተቆፈረው 6 ተብሎ ቢጻፍ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሥራ አስኪያጅ በምን ያውቃል? ሁሉን በእሱ ላይ ከጫናችሁ ዋናው ባለቤት ከኋላ ሆኖ ዘበኛውን ሥራ አስኪያጅ ያደርገዋል።

ጠበቃ፦ ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። በወንጀል በኩል መልሱ አለ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 34 ድርጅቱ መቀጣቱ ጥፋተኛውን ኃላፊ ከግል ቅጣቱ አያድነውም ይላል። የምንከራከረው ስለ አስተዳደራዊው እገዳ ነው። መለኪያው ማወቅ ይሁን ካላችሁ፣ የአሜሪካን ሕግ እዩ፦ በመንግሥት ላይ ሐሰተኛ ክፍያ በጠየቀ ሰው ላይ ሆን ብሎ ዓይን መጨፈንና ግድ የለሽነትም እንደ ማወቅ ይቆጠራሉ። ከዚህም አልፎ የኩባንያው መሪ በውሉ ላይ የተፈጸመ ማጭበርበርን የሚያሳይ ተአማኒ ማስረጃ እያወቀ በጊዜው ካላሳወቀ፣ ከመጨረሻው ክፍያ በኋላ እስከ 3 ዓመት ድረስ ዝምታው ራሱ ለእገዳ ምክንያት ይሆናል። «አላየሁም» እዚያ ብዙ አያዋጣም።

ኦዲተር፦ ፈተናው ከየት እንደሚመጣ በቁጥር ላሳይ። በዕቃ አቅርቦት የተለመደው የመዘግየት ቅጣት ካልቀረበው ዕቃ ዋጋ በቀን 0.1 ከመቶ፣ ጣሪያው 10 ከመቶ ነው። ያልቀረበው 20 ሚሊዮን ብር ቢሆን በቀን 20,000፣ በ100 ቀን 2 ሚሊዮን ብር። ያኔ ከግምጃ ቤት ሠራተኛው ጋር ተስማምቶ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ላይ ዕቃው ቀድሞ የገባ አስመስሎ ያለፈ ቀን ማስጻፍ ያጓጓል። መከላከያው ቀላል ነው፦ የመኪናው መውጫ ወረቀት፣ የርክክብ ሰነዱና ደረሰኙ በአንድ ፋይል ይያዙ፤ ቀናቸውን የሚያመሳክረው ሰው ግን ከሽያጭ ክፍል አይሁን። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሥርዓት ዘርግቶ ከተታለለ አላግደውም። ካልዘረጋ ግን ምን ሊያደርግ ነው ደመወዝ የሚበላው?

ኮንትራክተር፦ በዚህ እስማማለሁ። መንግሥት ክፍያ ሲያዘገይ ማን ይታገድ የሚለው ግን ለሌላ ቀን ይቆየን። የዘበኛውንስ ነገር ምን አላችሁ?

ግዥ ክፍል፦ የባለአክሲዮኖቹም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከታገዱት ጋር ይመሳከር።

ኮንትራክተር፦ ወንድምየው አክሲዮን ኖሮት አያውቅም እኮ። ወንድም መሆን ወንጀል ነው?

ጠበቃ፦ አይደለም፤ በዝምድና ብቻ ማገድ ይግባኝ ላይ አይቆምም። ግን የቴክኒክ ሰነዱን ግለጡት፦ የማሽኖቹ ሊብሬ ከታገደው ድርጅት በቅርቡ የዞረ፣ የመሐንዲሶቹ ሲቪ ያው፣ የቢሮው አድራሻም ያው ከሆነ፣ ክርክሩ ስለ ወንድምነት መሆኑ ይቀራል።