ሮሊንስ ቆሜአለሁ፣ ኢንተርስቴት 80 ለባዶ ትሬለር ተዘጋ፣ በአሮጌው ሃይዌይ 30 ልዙር?

ጠያቂ፦ ወገኖች ዋዮሚንግን የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ሮሊንስ ትራክ ስቶፕ ነኝ፣ ቦርዱ እስከ ላራሚ በንፋስ ምክንያት ቀላልና ከፍ ያለ መኪና አያልፍም ይላል፣ ጭነት የሚመድብልኝ ዲስፓቸር ደግሞ ሌላው እያለፈ አንተ ምን ሆነህ ነው እያለ ስልኬን አቃጠለው፣ ጂፒኤሱ በሜዲስን ቦው በኩል 30ን እያሳየኝ ነው፣ ልሂድበት?

ዳዊት ሪፈር፦ ጭነሃል ወይስ ባዶ ነህ?

ጠያቂ፦ ባዶ ነኝ፣ የምጭነው ቼየን ነው

የዴንቨሩ፦ 511 ደውል፣ የመንገዱን ሁኔታ ይነግሩሃል

ጋሽ ታዴ፦ ልጄ መንገዱን እወቀው። ባቡሩ በ1868 ሲዘረጋም፣ ኋላ አሮጌው 30 ሲሠራም ኤልክ ማውንቴንን ሸሽተው በሰሜን ነው የዞሩት። ኢንተርስቴቱ ሲመጣ ግን 20 ማይል ገደማ ያሳጥራል ተብሎ በተራራው ሥር ቀጥ ተደረገ፣ የአገሩ ከብት አርቢዎች እዚያ ክረምቱ አያስኬድም ቢሉ ማን ሰምቷቸው። በፈረንጆች ኦክቶበር 1970 ተከፈተ፣ ሳምንት ሳይሞላው በረዶ ዘጋው! ከ1971 ጀምሮ ነው እነዚያን ረጃጅም የእንጨት አጥሮች የደረደሩት። አጥሩ በረዶውን ይይዛል፣ ባዶ ትሬለር የሚገለብጠውን ንፋስ ግን አያቆምም።

ቤዛ፦ ጋሼ ታሪኩ ደስ ይላል ግን ልጁ ቸኩሏል። ወንድሜ መጀመሪያ ነገር ለምን ትሄዳለህ? ሲዲኤሉ (የትራክ መንጃ ፈቃዱ) ያንተ ነው፣ እሱ ቢሮ ቁጭ ብሎ ነው የሚያዝህ። የቦርዱን ፎቶ ላክለትና ተኛ።

ሳሚ፦ ዲስፓቸሩን ትሬለሩ ውስጥ ጫነው፣ ያኔ ባዶ አትባልም ሃሃ

ኪሩቤል፦ በሃይዌይ 287 ወደ ሰሜን ውጣ፣ መዲ ጋፕ ላይ መንገድ 220ን ይዘህ ካስፐር፣ ከዚያ በኢንተርስቴት 25 ቼየን ትወርዳለህ

ቤዛ፦ በ25 ላይ ዊትላንድ ጋ ያለውን ንፋስ ረሳኸው? እዚያም እኮ ባዶ ትራክ ያጋድማል

የዴንቨሩ፦ 511 አልኩ እኮ፣ አፑም አለ

ዳዊት ሪፈር፦ ጂፒኤሱን አትስማው። ከሮሊንስ እስከ ዋልኮት 30 ማለት ራሱ 80 ነው፣ የሚለያዩት ኤግዚት 235 ላይ ነው፣ ስለዚህ 30 ጋ ለመድረስ መጀመሪያ የተከለከልከውን መንገድ ልትነዳ ነው። ብትደርስም ሃና፣ ሜዲስን ቦው፣ ሮክ ሪቨር ሁሉም ገላጣ ሜዳ ነው፣ ንፋሱ ያው ነው። ላራሚን ካለፍክ ደግሞ ሸርማን ሰሚት ይጠብቅሃል፣ 8,640 ጫማ፣ በ80 ላይ ከኒው ጀርሲ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ከዚያ የሚበልጥ ከፍታ የለም። ፓርኪንግ ሳይሞላብህ ቦታ ያዝ፣ ንፋሱ ጋብ ሲል ክልከላውን ያነሱታል።

ጠያቂ፦ ዲስፓቸሩ ሎዱን (ጭነቱን) ለሌላ እሰጠዋለሁ እያለኝ ነው

ቤዛ፦ ይስጠው!!

ጋሽ ታዴ፦ ልጄ ስማት

ኪሩቤል፦ ጠያቂው ምን ወሰንክ? እኔም ነገ ከላራሚ ወደ ዌስት ባዶዬን ነኝ፣ የተከፈተ ከሆነ ጻፉልኝ